የጁገልን ግድግዳ በሲሚንቶ አናፍነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ሐረር በተጻፈ ቁጥር የማነበው በግንብ ስለታጠረው አሮጌ ከተማ፣ ስለ ጁገል በሮችና ማታ ማታ ሥጋ ስለሚጎርሱት ጅቦች ነው። ደስ ይለኛል፣ ከተማዬ ናት። ግን ከበሮቹ ወዲህ ሰው ስለሚኖርባቸው ቤቶች የሚጽፍ አጣሁ። እኔ ግንበኛ ነኝ። ሙያውን ከአባቴ ተማርኩ፣ ዛሬም እንጀራዬ እሱ ነው። እና ስለማውቀው ነገር ልጻፍላችሁ፣ ስለ ግድግዳ።

የጁገል የድሮ ቤት የሚሠራው እዚሁ አካባቢ ከሚወጣ ሐሺ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ በጭቃ ይያያዛል፣ ላዩ ይለሰናል፣ ከዚያ ኖራ ይቀባል። እንዲህ ያለ ግድግዳ ከመሬት እርጥበት ይስባል፤ የሳበውን ደግሞ በኖራው በኩል መልሶ ያስወጣል። ሲሚንቶ ከለሰናችሁበት መውጫው ተዘጋ ማለት ነው። ውኃው ውስጥ ይቀራል። ጭቃው ይላላል፣ ድንጋዩም መያዣ ያጣል።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት «ግድግዳዬን ላብ አላበው» ብለው አስጠሩኝ። ልጆቻቸው ከውጭ ገንዘብ ልከው ዋናውን ክፍል በሲሚንቶ አስለስነውላቸው፣ በዘይት ቀለም አስቀብተውላቸው ነበር። ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ቀለሙ ተነፋፍቷል። በመዶሻ እጀታ ሳንኳኳው ድምፁ ባዶ ነው። በመሮ ጫፉን ፈልቀቅ ሳደርገው ልስኑ እንደ ደረቅ ቂጣ ተገንጥሎ ወደቀ። ከጀርባው ያለው ጭቃ በጣት ይዛቃል። በሁለት ድንጋይ መሀል ጣቴን ስሰድ እስከ አንጓው ገባ።

«ልጄ፣ ሲሚንቶ ዕድሜ ልክ ነው ብለውኝ እኮ ነው» አሉኝ።

«እማማ፣ ሲሚንቶውስ ጠንካራ ነው። ግድግዳዎ ነው የማይችለው» አልኳቸው።

ሁሉንም አራግፈን፣ ግድግዳው እስኪደርቅ ጠብቀን፣ በጭቃና በኖራ መልሰን ሠራነው። ወጪው ከመጀመሪያው በለጠ።

የውስጡ ነገር ደግሞ የበለጠ ያሳዝነኛል። የሐረሪ ቤት ነደባዎች አሉት፤ ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩ መቀመጫ መደቦች ናቸው። አባወራው የት እንደሚቀመጥ፣ እንግዳ የት እንደሚያርፍ፣ ልጆች የት እንደሚሆኑ ነደባው ራሱ ይናገራል። አዲስ ሙሽራ የምትቆይበት ኪርታት የሚባል ትንሽ ክፍል አለ። ነደባውና ወለሉ በቀይ አፈር ይቀባል፤ በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ ለወደቁት ደም መታሰቢያ ነው ሲባል ሰምቼ ነው ያደግኩት። ዛሬ ሶፋ ገዝቶ የሚመጣ ሰው ሶፋው ነደባ ላይ አይቀመጥለትም። ነደባው ይፈርሳል፣ ሴራሚክ ይነጠፋል። ኪርታቱ ሻወር ይሆናል። በ1998 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጁገልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ግንቡንና 82ቱን መስጊዶች ብቻ አይቶ አይደለም። የመኖሪያ ቤቱ አሠራርም አንዱ ምክንያት ነው።

ጉዳቱ አንድ ቤት ውስጥ አያበቃም። የድሮው ቤት ለመንገዱ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ግቢው ነው የሚከፈተው። አንዱ ከላይ በብሎኬት ፎቅ ቀጠለ እንበል። መስኮቱ የጎረቤትን ግቢ ቁልቁል ያያል። ሴቶቹ እንደ ድሮው ግቢያቸው ውስጥ ተዝናንተው መሥራት አይችሉም። ጎረቤት ምን ያድርግ? ግንቡ ላይ ቆርቆሮ ይቀጥላል። ከዚያ ወዲያኛውም ይቀጥላል። ማንም ክፉ ሳያስብ መንገዱ በሙሉ ቆርቆሮና የላሜራ በር ይሆናል። ፎቁ ራሱስ ቢሆን በጭቃ በተያያዘ ግድግዳ ላይ ሲጫን ያሳስበኛል። ያ ግድግዳ ለዚያ ክብደት አልተሠራም።

ባለቤቶቹን አልወቅስም። የአፈር ጣሪያ በየዓመቱ እንክብካቤ ይፈልጋል። እንጨቱ ተወዷል። ልጆች ያድጋሉ፣ ያገባሉ፣ ክፍል ያስፈልጋቸዋል። ሽንት ቤትና ወጥ ቤት እንደማንኛውም ሰው ይገባቸዋል፤ ቅርስ ውስጥ ኑሩ ተብሎ ሰው በባልዲ አይታጠብም። ሲሚንቶ የትም ይገኛል፣ ጥሩ ኖራ ግን ፈልጎ ማግኘት ነው። ለጥገና ፈቃድ ጠይቀው ወራት የጠበቁ ደንበኞች አሉኝ። ጣሪያ የሚያንጠባጥብበት ሰው ክረምትን ቆይ አይለውም። እና ማታ ማታ ብሎኬት ይገባል።

ስለዚህ ለሚመለከታቸው ሁሉ ጥያቄዬ ይሄ ነው። ለልስንና ለጣሪያ የሚጠየቅ ትንሽ ጥገና በቀናት ውስጥ ይፈቀድ። ትልልቁ ሥራ ይመርመር፣ ልክ ነው። በደንብ የተነከረ፣ ለሥራ የደረሰ ኖራ በተመጣጣኝ ዋጋ የሚገኝበት አንድ ቦታ ጁገል ውስጥ ይከፈት። የጭቃና የኖራ ሥራ የሚችሉት አብዛኞቹ አርጅተዋል። ወጣት ግንበኞች አብረዋቸው እንዲሠሩ ቀን አበል ይከፈላቸው። ነደባ ሳይነካ ግቢ ውስጥ ሻወርና ወጥ ቤት እንዴት እንደሚወጣ የሚያሳይ ንድፍም ተዘጋጅቶ ለባለቤቶቹ በነፃ ይሰጥ። ይቻላል፤ ሠርቼ አይቼዋለሁ።

ከቶሮንቶም ሆነ ከሌላ አገር ለቤት ማደሻ ገንዘብ ለምትልኩ ልጆች ደግሞ፦ ሳሎኑን ተዉትና መጀመሪያ ጣሪያውን አስፈትሹ። የዝናብ ውኃ ከግድግዳው ሥር እንዳይተኛ ቦይ አስወጡ። ከዚያ የተረፈውን ለኖራ አድርጉት። ግንበኛው «በሲሚንቶ ይሻላል» ካላችሁ ሌላ ግንበኛ ጠይቁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ግንበኛ፣ ከሐረር