የባዝራዋን ነገር አንተ ንገረኝ

ጎንደር፣ ኅዳር

ወንድም ዓለም፣

እንደምን ከረምህ? ልጆችህስ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አራት ዓመት ሙሉ ሳልጽፍልህ በመቅረቴ አፍሬያለሁ። አባባ ካረፉ ወዲህ ሆዴ ተዘግቶ ነው የከረምሁት። አሁን ግን የፈረሶቹ ነገር ጨንቆኛል፤ ከአንተ ሌላ የማዋየው ሰው የለኝም።

ሰባት ደርሰዋል። ከሦስት በላይ መቀለብ አልችልም። በአዘዞ በኩል እናግጥበት የነበረው ሜዳ ቤት በቤት ሆኗል። ጭዱን በገንዘብ ነው የምገዛው። አሁን አዝመራው እየገባ ስለሆነ ይገኛል፤ ክረምት ላይ ግን ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ የሚሸጡትን ከገና በፊት መለየት አለብኝ።

መጀመሪያ ሽማግሌውን ዳማ ላስወጣ ብዬ ነበር። ጥርሱ አልቋል፣ ዳገት ላይ ይደክማል። አንድ ገዢ መጣ። አፉን ከፍቶ አየ፣ ኮቴውን አነሳ፣ ወገቡን ዳበሰ። «ለጋሪ ይሆነኛል» አለ። ዳማው እኮ ስንት ጥምቀት ታቦት አጅቦ ወርዷል! ጥምቀተ ባሕሩ አጠገብ ያለችውን፣ የንጉሥ ፈረስ የዞብል መቃብር የምትባለውን ክብ ቤት አስታወስሁ። አባባ በዚያ ባለፍን ቁጥር ጋማውን ዳሰስ ያደርጉት ነበር። ያ ጀርባ በጋሪ ሲላጥ ታየኝ። ሰውዬውን ቡና አጠጥቼ ሸኘሁት።

ያን ሌሊት ሂሳቡን እንደገና ጀመርሁ። ከእኔ ወጥቶ ደህና የሚኖር የትኛው ነው? አልሁ። መልሱ ልቤን ሰበረው፤ ምርጦቹ ናቸው። ጥቁሩ ድንጉላ፣ ቡላው፣ ሁለቱ ቀያዮች። ወጣቶች ናቸው፣ ኮርቻ ለምደዋል፣ የቀያዮቹ ሶምሶማ ደግሞ ውሃ ቢይዙበት አይፈስም። ቀያዮቹን ደባርቅ ያለ ዘመዳችን ይወስዳቸዋል። አብረው ያደጉ ናቸውና እንዳይለያያቸው ቃል አስገብቼዋለሁ። ጥቁሩንና ቡላውን የሚጠይቁ አሉ፤ ለጋሪ ለሚፈልግ ግን አልሰጥም።

የሚቀሩት ዳማው፣ አምባላይዋ ባዝራና ልጇ ናቸው። ዳማው ብቻውን ከሆነ እህል አይበላም፤ ፈረስ ጓደኛ ይፈልጋል።

ችግሩ ባዝራዋ ነች። የካቲት ላይ አስጠቅቻት ነበር፤ ፈረስ 11 ወር ነው የምታረግዘው፣ ጥር ላይ ትወልዳለች። ያኔ አራት ሊሆኑብኝ ነው። እርጉዝ በመሆኗም ጥሩ ዋጋ የሚሰጥ ሰው ተገኝቷል፤ ጊቢው ሰፊ ነው፣ ሄጄ አይቼዋለሁ። በእውነት ለእሷ የሚሻለው እዚያ ይመስለኛል።

ግን ልጓም ያስለመድሃት አንተ ነህ። እግርህን ሰብራህ እንኳ ዱላ አላነሳህባትም። ሳልጠይቅህ ብሸጣት አንተን ዓይንህን ማየት አልችልም።

ሰውዬው ለታኅሣሥ ገብርኤል መልስ ይጠብቃል። ስልኬ ያው ነው፣ አልቀየርሁም። ደውልልኝ። ብትመጣ ደግሞ ይበልጥብኛል። ይኸው፣ ይህን ስጽፍ እንኳ ከጋጣው እያሽካካች ነው።

የማይረሳህ ወንድምህ