ሜዲቴሽን መሸሻ ነው ላልከኝ ወዳጄ

ወንድም ዓለም፣

እንዴት ከርመሃል? እናትህ ደህና ናቸው? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባሕር ዳርም እንዳለች አለች፤ ዘንባባውም፣ ባጃጁም፣ ኑሮ ውድነቱም። ለምን ጠፋህ ብለህ እንዳትጀምረኝ፤ አንተም ጠፍተሃል፣ ተካክሰናል።

ያን ጊዜ "ሜዲቴሽን ቅጠል የሌለው ምርቃና ነው" ብለህ ስቀህብኝ ነበር። መልሱ ቶሎ አልመጣልኝም።

ጠዋት ሐይቁ ዳር ቁጭ ብዬ ዐይኔን እጨፍናለሁ። ትንፋሼን ብቻ ልከታተል እላለሁ። ወዲያው የቤት ኪራይ ከች ይላል። ቀጥሎ አለቃዬ። ቀጥሎ ድሮ ያስቀየመኝ ሰው፣ ከነንግግሩ። ወደ ትንፋሼ እመለሳለሁ፣ ደግሞ እሄዳለሁ። ሽሽት ቢሆን ይሄ ሁሉ ከየት ያገኘኛል? ስልክ ስነካካ ነው እንጂ የምረሳው! ዝም ስል ጭንቀቱ ደረቴ ላይ የት ጋ እንደሚጫነኝ ሳይቀር አውቀዋለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ የሃርቫርድ ጥናት፣ ሰው ነቅቶ ካለበት ጊዜ 47 በመቶ ገደማውን ሐሳቡ ከሚሠራው ነገር ውጪ እንደሚውል አሳይቷል። የሸሸነውማ ገና ሳንቀመጥ ነው። ጆን ካባት-ዚን የሚባለው ሰውዬ ደግሞ በ1979 አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ የሜዲቴሽን ሥልጠናውን ሲጀምር የሰበሰበው ሕመም አልለቅ ያላቸውን ሰዎች ነበር። ትምህርቱ ሕመሙን መርሳት አልነበረም። ቀርቦ ማየት ነበር፤ የት ጋ ነው፣ ይወጋል ወይስ ያቃጥላል እያሉ።

አንተም ግን ዝም ብለህ አላወራህም። አንድ ባልደረባዬ አለ። ሚስቱ የልጃቸውን ትምህርት ቤት ክፍያ ስታነሳ ኢርፎኑን ይሰካል። "ሰላሜን አትንኪብኝ" ይላታል። የሥነ ልቦና ባለሙያው ጆን ዌልዉድ በ1980ዎቹ እንዲህ ላለው ነገር ስም አውጥቶለታል፤ መንፈሳዊነትን ተገን አድርጎ ያልዳነ ቁስልን መዝለል። ሚስቱን ብትጠይቃት ሌላ ስም ትነግርሃለች።

ዘጌ ያሉ አንድ አባትን "ከዓለም ሸሽተው ነው የመጡት?" ብዬ ጠየቅኋቸው፤ አፌን ታውቀው የለ። ሳቁና "መሸሹንስ ሸሸሁ፤ እሷ ታንኳ ተሳፍራ ቀደመችኝ" አሉኝ። ከዚያ ቡናቸውን ሊለቅሙ ተነሡ። የእሳቸው ጸሎት ነው፣ ከእኔ ቁጭ ማለት ጋር አላወዳድረውም። ግን ሲነሡ ወዴት እንደሄዱ ልብ አልኩ።

እኔም ባለፈው ከተቀመጥኩበት ተነሥቼ በቀጥታ አከራዬ ጋ ደወልኩ። ስፈራው የከረምኩት ስልክ ነው። ኪራዩን አልቀነሰችም፤ አንድ ወር ግን ታገሰችኝ።

ለፋሲካ ና። በጀልባ ዘጌ እንሄዳለን፣ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ዐይንህን ጨፍን ብዬ አላስቸግርህም። ጀልባውን እኔ እችላለሁ፤ ስንመለስ ዓሣው ባንተ ነው።