በርጩማችሁ ለምን ተሰነጠቀ? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ባለፈው ክረምት በርጩማ ከወሰዳችሁት ጥቂቶቻችሁ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ደውላችሁልናል። ነገሩ አንድ ዓይነት ነው። ሌሊት "ቋ" የሚል ድምፅ ይሰማል፣ ጠዋት መቀመጫው ላይ ስንጥቅ ይታያል። ጥፋቱ የእኛ ነው።

ባለሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ የሚፈለፈለው ከአንድ ግንድ ነው። ሚስማር የለው፣ ኮላ የለው። ውበቱም ጣጣውም ይኸው ነው። ጣውላ ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል። ግንድ ግን ውጪው ደርቆ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይቆያል። ደግሞም እንጨት ሲደርቅ እኩል አይኮማተርም፤ በዕድሜ ቀለበቶቹ ዙሪያ የሚኮማተረው ወደ እምብርቱ (ወደ ግንዱ መሃል) ከሚኮማተረው እጥፍ ገደማ ነው። መሄጃ ሲያጣ ይሰነጠቃል።

"ታዲያ ደረቅ ግንድ አትገዙም?" ትሉን ይሆናል። የምንሠራው በዋንዛ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ኮሶንና ጥድን ከመንግሥት ደን መቁረጥ ከልክሎ ነበር፤ አዋጁ በኋላ በሌላ ቢተካም እኛ ዛሬም ከመንግሥት ደን አንገዛም። ስለዚህ ለቡና ጥላ የቆመ ዋንዛ ሲያረጅ፣ ከገበሬ ማሳ አንድ ሁለት ግንድ እያልን እንገዛለን። የሚመጣልን ውሃው ሳይጠፋ ነው። ባለፈው ክረምት ትእዛዝ ተደራረበብንና ቸኮልን። አባታችን በጣታቸው አንኳኩተው "ይሄ ገና ነው" ብለው ነበር። እኛ ልጆቹ አልሰማናቸውም።

አሁን ግንዱን መጀመሪያ እምብርቱ ላይ ለሁለት እንሰነጥቀዋለን። ከዚያ ወፈር አድርገን እንጠርበውና፣ የተቆረጠውን ጫፍ ሰም ቀብተን ሰጋቱራ ውስጥ እንቀብረዋለን። በየሳምንቱ ይመዘናል። ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ነው የሚጨረሰው። ሚዛኑን እህታችን ናት ከጓዳ ያመጣችው፣ የሽንኩርት ሚዛን ነው። አባባ ስቀውባት ነበር፤ ዛሬ ቅዳሜ ቅዳሜ ቁጥሩን የሚጽፉት እሳቸው ናቸው።

ስለዚህ በ3 ሳምንት ይደርስ የነበረው በርጩማ ከአሁን በኋላ 4 ወር ገደማ ይፈጃል። ዋጋው አልተነካም። ለሠርግ ወይም ለቤት ምርቃት የምትፈልጉ ከወዲሁ ንገሩን።

አንድ ነገር ደግሞ ከእናንተ። ለጥገና ከመጡት አንዱ የተሰነጠቀው በአንድ ጎኑ ብቻ ነበር። የበርጩማውን ባለቤት ስንጠይቃት ቡና የምታፈላበት ነው፤ ያ ጎን ሁልጊዜ ወደ ከሰሉ ይዞራል። እባካችሁ ከማንደጃው ፈቀቅ አድርጉት፣ አልፎ አልፎም አዙሩት።

የተሰነጠቀውን ራሳችሁ በኮላና በሰጋቱራ አትድፈኑት። ክረምት እንጨቱ ሲያብጥ የደፈናችሁት መልሶ ይገፋውና ስንጥቁን ያረዝመዋል። ይዛችሁልን ኑ። ቀጭኑን ስንጥቅ የቢራቢሮ ቅርጽ ባለው የዋንዛ ቁራጭ አግድም እናስረዋለን። ሰፊ ከሆነ በሌላ እንቀይርላችኋለን፤ አዲሱ እስኪደርቅ ግን ትጠብቁናላችሁ። ሁለቱም በነፃ ነው። ደረሰኝ ጠፍቶባችሁ ከሆነ አትጨነቁ፣ የእጃችንን ሥራ እናውቀዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አባባና ልጆቻቸው፣ ከወርክሾፑ