ይድረስ ለሀያት፣ ከደሴ

ውድ ጓደኛዬ ሀያት፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ አደጉልሽ? እኛ እዚህ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነን። ከ2014ቱ ጦርነት ወዲህ የተጠፋፋን ሰዎች ብዙ ነን፤ እኔና አንቺ ግን ከእነሱ ጋር መቆጠራችን ይከነክነኛል። ሰሞኑን ታላቅ እህትሽን ገበያ አግኝቻት የደን ሕግ ከሚያረቅቁት ጋር እየሠራሽ መሆኑን ስትነግረኝ ደስታዬን አልቻልኩትም። ልደውል አልኩና የምለው ብዙ ስለሆነ መጻፉን መረጥኩ።

የአገራችንን ተራሮች ታውቂያቸዋለሽ። ከ1977ቱ ረኃብ በኋላ አባቶቻችን ስንዴና ዘይት እየተሰፈረላቸው እርከን ሠሩ፣ ችግኝ ተከሉ፣ ገደላገደሉን ከለሉ። ዛፉ ጥላ መጣል ሲጀምር 1983 መጣ። መንግሥት ሲወድቅ በብዙ የወሎ ቀበሌዎች የስንት ዓመት ልፋት ባጭር ጊዜ በምሳር አለቀ። የቆረጡት እኮ አብዛኞቹ ራሳቸው የተከሉት ናቸው! ዛፍ ጠልተው አይመስለኝም። ግጦሹን ተከልክለዋል፣ እንጨት ሲለቅሙ ተቀጥተዋል፣ ደኑ አንድ ቀን ሲሸጥ ድርሻ አላችሁ የሚል ወረቀት ግን በእጃቸው አልነበረም። ስሙም «የመንግሥት ዛፍ» ነበር። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥርና በመካነ መቃብሩ ያለው ወይራና ጥድ በዚያው ዘመን ቆሞ ቀረ፤ የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቅ ነበርና።

ለዚህ ነው የደን አዋጁ ቁጥር 1065/2010 ሲወጣ ልቤ የሞላው። የቀድሞው 542/1999 የሚያውቀው የግልና የመንግሥት ደንን ብቻ ነበር፤ አዲሱ የማኅበረሰብንና የማኅበርን ደን ጨመረ። ትልቅ ነገር ነው። አዋጁ ግን ቀበሌ ድረስ አልወረደም። ጥብቅና የቆምኩላቸው ገበሬዎች ከኮምቦልቻ ወዲያ አንድ ተራራ ከንክኪ ነፃ አድርገው ልቅ ግጦሽ ካስቀሩ ዓመታት አልፈዋል፤ ሣሩን አጭደው ይከፋፈላሉ፣ ከድሮው ጉቶ ወይራው አቆጥቁጧል። በጉባኤ ያጸደቁት መተዳደሪያ ደንብ አላቸው። ካርታና የይዞታ ማረጋገጫ ግን የላቸውም። አንድ መሥሪያ ቤት የተራራውን ግማሽ ለድንጋይ ማውጫ ሲሰጥባቸው በመተዳደሪያ ደንቡ ሊከራከሩ አልቻሉም። የደን ሕጉ አንድ ነገር ይላል፣ የማዕድኑና የኢንቨስትመንቱ ሌላ፤ ሁለቱ ሲጋጩ የትኛው እንደሚያይል የሚነግረን የለም።

የካርቦኑ ነገርም እዚሁ ላይ ይመጣል፤ ደን ዓለምን የሚያሞቀውን ካርቦን መጥጦ ስለሚይዝ የሚከፈለውን ገንዘብ ማለቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ባሊ ላይ ስለዚሁ ክፍያ የተጀመረው የአገሮች ድርድር በ2013 ዋርሶ ላይ መልክ ሲይዝ ስምምነቱ ግልጽ ነበር፦ ክፍያው ለውጤት ነው፤ ውጤቱም ተለክቶ መረጋገጥ አለበት። የኛ አገር የደን ትርጉም ግማሽ ሄክታር ስፋት፣ 2 ሜትር ቁመት፣ 20 በመቶ የቅጠል ሽፋን ይላል፤ ወይም ወደፊት እዚያ ሊደርስ የሚችል። አደራሽን፣ ይቺን የመጨረሻ ሐረግ ማንም እንዳይነካት! የወሎ ተራራ አብዛኛው ገና ጉልበት የሚደርስ ቡቃያ ነው፤ በሕግ ደን የሚባለው በእሷ ነው።

ከዚያ ገንዘቡ ሲመጣ የማን ነው? ወላይታ ሁምቦ ላይ 2,728 ሄክታር ከጉቶ ተነሥቶ ሲያገግምና ካርቦኑ ሲሸጥ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራቱ አስቀድሞ የመጠቀም መብታቸው በወረቀት ተረጋግጦላቸው ነበር። ቅደም ተከተሉ እንዲህ መሆን አለበት እላለሁ፤ መጀመሪያ መብቱ፣ ከዚያ ልኬቱና ሽያጩ። የኢንዶኔዥያ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 የባህላዊ ማኅበረሰቦች ደን የመንግሥት ደን አይደለም ብሎ ሲወስን ያረመው ይህንኑ ነው።

ቅጣት አያስፈልግም እያልኩሽ አይደለም። ብራዚል እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በአማዞን የአካባቢ ሕግን ያላከበረ ገበሬ የባንክ ብድር እንዳያገኝ ከለከለች። ከሳተላይት ክትትሉና ከቁጥጥሩ ጋር ተደምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ከ27,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ የነበረው የዓመት ጭፍጨፋ በ2012 ወደ 4,600 ገደማ ወረደ፤ ቁጥጥሩ ሲላላ ደግሞ መልሶ አሻቀበ። ያ ሕግ የነካው ትልልቁን ከብት አርቢና አኩሪ አተር አምራች ጭምር ነው። እኛ ጋ የሚያዘው ከሰል በአህያ ጭና ደሴ የምትገባው ሴት ናት።

ሴት ካልኩ አይቀር፣ በክልላችን የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ ሚስትም ከባሏ ጋር ተመዝግባለች። በደን ተጠቃሚዎች መዝገብ ላይ ግን ያየሁት የአባወራ ስም ነው። እንጨቱን የምትለቅመው፣ ሣሩን የምታጭደው እሷ ሆና የካርቦኑ ክፍፍል ሲመጣ ስሟ አይኖርም። ይህ በአንድ አንቀጽ የሚስተካከል ነው፤ እባክሽ አንቺ አንሺው።

ረቂቁ ለአስተያየት ሲወጣ ላኪልኝ፤ ከገበሬዎቹ ጋር አንቀጽ በአንቀጽ አንብበን ያሉትን ጽፌ እልክልሻለሁ። ለመውሊድ ከመጣሽ ደግሞ አብረን እንሂድና ጥያቄያቸውን ከአፋቸው ስሚ። ሕግ የሚያረቅ ሰው መጥቶ ጠይቋቸው አያውቅም። መምጫሽን አስቀድመሽ ካሳወቅሽኝ ለሽማግሌዎቹ እነግራቸዋለሁ።

ለእናትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

እህትሽ ትርንጎ