ስለ እባብ ምልከታ ጉዞ ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

ለ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ ወደ ገጠር የሚደረገውን የአንድ ቀን የመስክ ጉዞ ይመለከታል

የተከበራችሁ ወላጆች፣

የሥነ ሕይወት መምህራችን ተማሪዎቹን ወደ ገጠር ወስደው እባብን በሚኖርበት ቦታ ሊያሳዩአቸው ጠይቀው ፈቅጃለሁ። ወሬው ከዚህ ደብዳቤ ቀድሞ ቤታችሁ እንደገባ ከምትደውሉልኝ ስልክ ተረድቻለሁ። ድንጋጤያችሁ ተገቢ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በእባብ ንድፊያ በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 ሰው ይሞታል። ይህን እያወቅሁ ለምን እንደፈቀድሁ ልንገራችሁ።

ልጆቹ የሚሄዱት ለማየት እንጂ ለመያዝ አይደለም። አንድም ተማሪ እባብ አይነካም፤ መርዝ የለውም የተባለውንም፣ የሞተ የሚመስለውንም ቢሆን። እንደ ሞተ ሆኖ የሚተኛ የእባብ ዓይነት አለ፤ የተቆረጠ ጭንቅላት እንኳ ለተወሰነ ጊዜ ሊነድፍ ይችላል። ዕውቀት ብቻውን እንደማያድን ለተማሪዎቹ የምንነግራቸው በካርል ሽሚት ታሪክ ነው። ዕድሜውን በተሳቢ እንስሳት ጥናት ያሳለፈው ይህ አሜሪካዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1957 በእጁ ይዞ ሲመረምረው የነበረ ትንሽ ቡምስላንግ የተባለ መርዛማ የአፍሪካ እባብ ነደፈው። መርዙ ይገድለኛል ብሎ አላሰበም፤ የሚሰማውን ሕመም በማስታወሻው እየመዘገበ ቆይቶ በማግስቱ ሞተ።

ሁላችንም «እባብ ግደል ከነበትሩ ገደል» ሲባል እየሰማን ያደግን ነን። እኔ ይህን ምክር የምቃወመው ለእባቡ አዝኜ ብቻ አይደለም። እባብ የሚነድፈው በአብዛኛው ሲረገጥ፣ ሲያዝ ወይም መሸሻ ሲያጣ ነው። በትር አንሥቶ የሚጠጋው ሰው በገዛ እግሩ ሊነደፍ ወደሚችልበት ርቀት ይገባል። እባብ ሲያይ ቆሞ፣ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ የሚመለስ ልጅ ድንጋይ ከሚወረውረው ልጅ ይልቅ በሰላም ቤቱ የመግባት ዕድሉ ሰፊ ነው። ይህን ደግሞ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፎ ማስጠናት ብዙም አይጠቅምም።

ጉዞው የሚጀመረው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ነው። ሰዓቱን ያለ ምክንያት በማለዳ አላደረግነውም፤ እባብ የሰውነቱን ሙቀት የሚያገኘው ከውጭ በመሆኑ ጠዋት ፀሐይ ሊሞቅ ይወጣል፣ ቀትር ሲበረታ ደግሞ ጥላ ፈልጎ ይሸሸጋል። ድንጋይ የሚገለብጠው አብሮን የሚሄደው የተሳቢ እንስሳት ባለሙያ ብቻ ነው። በረጅም መንጠቆ የድንጋዩን ማዶ ጠርዝ ወደ ራሱ ያነሣል፤ ከሥሩ እባብ ቢኖር ድንጋዩ በመካከላቸው ጋሻ ይሆናል፣ እባቡም በተከፈተለት በኩል ይሄዳል። ከዚያ ድንጋዩ እንደነበረው ይመለሳል። ሥሩ ያለው እርጥበትና ጥላ የብዙ ነፍሳት ቤት ስለሆነ ገልብጦ መተው አይፈቀድም።

ቀኑን ሙሉ ዞረው አንድም እባብ ላያዩ ይችላሉ፤ ይህንንም ለልጆቻችሁ አስቀድማችሁ ንገሩልን። የጣለውን ቆዳ ግን ሊያገኙ ይችላሉ። ከከንፈሩ ጀምሮ እንደ ካልሲ ተገልብጦ ስለሚወጣ፣ ራሱ ላይ በደንብ ላየው ሰው ሁለት የጠሩ ክብ መስኮቶች ይታዩታል፤ የዓይኖቹ ሽፋን ናቸው። እባብ የሚከደን ቆብ ስለሌለው ዓይኑን የሚጠብቅለት ያ ግልጽ ቅርፊት ከቆዳው ጋር አብሮ ይቀየራል።

በአቅራቢያው ወዳለው ሆስፒታል ደውለን የጠየቅነው በአካባቢው ላሉት እባቦች የሚሆን ፀረ መርዝ በእጃቸው መኖሩን ነው። አንዱ ፀረ መርዝ ለሁሉም እባብ አይሠራም፣ ሁሉም ሆስፒታልም አያስቀምጠውም። አለን ብለውናል። በዋዜማው ደግመን እናረጋግጣለን፤ ካለቀባቸው ጉዞው ይሰረዛል። አብረዋቸው የሚሄዱት መምህራን በመጀመሪያ ዕርዳታ የሠለጠኑ ናቸው። ምናልባት አደጋ ቢደርስ ማሰር፣ መብጣት፣ መምጠጥ የሚባል ነገር የለም። ቀለበትና ሰዓት ይወልቃል፣ የተነደፈው እጅ ወይም እግር እንዳይንቀሳቀስ ይደገፋል፣ ለጉዞው ሁሉ በተጠንቀቅ በሚቆመው መኪና በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይኬዳል።

ልጃችሁ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጠንካራ ጫማ፣ ወፍራም ካልሲና ሰፋ ያለ ረጅም ሱሪ ይልበስ። በነጠላ ጫማ የመጣ አውቶቡስ ላይ አይወጣም፤ በዚህ ላይ ልመና አልሰማም። ውኃና ምሳ ይያዝ። ስልክ ግን ቤት ይቅር፤ ከእባብ ጋር ፎቶ ለመነሣት የሚጠጋ ልጅ ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል።

የፈቃድ ቅጹን ፈርማችሁ እስከ ረቡዕ ድረስ ለክፍል ኃላፊ መምህሩ መልሱ። ልጃችሁ አስም ወይም አለርጂ ካለበት፣ የሚወስደው መድኃኒትም ካለ ቅጹ ላይ ይገለጽ። የማትፈቅዱ ወላጆች ምክንያት እንድትጽፉ አንጠይቅም፤ የሚቀሩት ተማሪዎች በትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራሉ፣ ውጤታቸውም አይቀንስም። ጥያቄ ያላችሁ ሐሙስ ከቀኑ 10 ሰዓት በአዳራሹ ከባለሙያው ጋር እንጠብቃችኋለን።

ከሰላምታ ጋር፣

ርዕሰ መምህር