ደብዳቤ ለልጄ፦ በልክሽ የሆነች ሳይክል

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትሽ መምጫሽን በጣቱ እየቆጠረ ነው። ጎንደር ክረምቱ ገብቷል፤ ዛሬ ጠዋት የጎሃ አናት በጉም ተሸፍኖ አልታይ ብሎ ነበር።

በስልክ ያልሽኝን ሳስብ አደርኩ። አዘዞ ሥራ ስትጀምሪ በሳይክል ልመላለስ፣ ሳይክሉንም ከባሕር ዳር ገዝቼ ልምጣ ብለሻል። ደስ ብሎኛል። ባሕር ዳር የሳይክል ከተማ ነው፣ ምርጫ አታጪም። ግን ባሕር ዳር ሜዳ ነው። እዚያ የተመቸሽ ሳይክል እዚህ ሊያስለቅስሽ ይችላል። ከአዘዞ እስከ ጎንደር ፒያሳ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማታ ደክሞሽ ስትመለሺ ደግሞ ዳገቱ አለ።

ከሁሉ በፊት ይቅርታ ልጠይቅሽ። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሽ የገዛንልሽን ሰማያዊ ሳይክል ታስታውሻለሽ? ባለሱቁ «ግዴለም፣ እያደገች ትደርስበታለች» አለን። አመንነው። አንቺ ግን በእኔ ወጣሽና 1 ሜትር ከ52 ላይ ቆምሽ። «እማ፣ ትከሻዬን ያመኛል፣ እጄ ይደነዝዛል» ስትይኝ «ትለምጂዋለሽ» አልኩሽ። ኮርቻውን እስከ መጨረሻው አወረድንልሽ። መሪው ግን እንደራቀ ነበር፤ እሱን ያየው ሰው አልነበረም። ሳይክሉ ማድ ቤቱን ተደግፎ ዛገ። አንድ ቀን «ሰነፍ» ብዬሻለሁ፤ እስካሁን ይቆረቁረኛል። ጥፋቱ ያንቺ አልነበረም።

እኔ ደግሞ ማወቅ ነበረብኝ። በልጅነቴ በሰዓት የሚከራይ ሳይክል ስነዳ እግሬ የላይኛውን ብረት አያልፍም ነበር። ስለዚህ እግሬን በብረቱ መሃል አሾልኬ፣ ወገቤን አጣምሜ ነበር የምነዳው። አገጬ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያ ነው።

አሁን ግን ተምሬያለሁ። የሰፈራችንን ሳይክል ጠጋኝ ጠየቅኩ፣ አነበብኩ፣ ለካሁ። አንቺም ሳትለኪ እንዳትገዢ።

ፍሬሙ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ አትመኚ። 15 ወይም 17 ኢንች የሚሉት ብዙ ጊዜ ኮርቻው የሚሰካበትን የፍሬሙን ቱቦ ርዝመት ነው። ያንንም አንዱ አምራች እስከ ቱቦው ጫፍ፣ ሌላው ደግሞ የላይኛው ብረት እስከሚገናኝበት ድረስ ይለካዋል። ይልቅ የራስሽን እግር ለኪ። በባዶ እግርሽ ግድግዳ ተደግፈሽ ቁሚ። ወፍራም ደብተር በእግሮችሽ መሃል ወደ ላይ ጥብቅ አድርገሽ ያዢ። ከመሬት እስከ ደብተሩ የላይኛው ጠርዝ ያለው ነው ልክሽ። የእኔ 70 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ይህን በ0.883 ስታባዢው 62 ገደማ ይመጣል፤ ፔዳሎቹ ከሚዞሩበት መሃል እስከ ኮርቻው አናት የሚኖረው ርቀት ማለት ነው። መነሻ እንጂ ሕግ አይደለም። የላይኛው ብረት ደግሞ በእግሮችሽ መሃል አድርገሽው መሬት ላይ ስትቆሚ ከዚህ ልክሽ ቢያንስ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበልልሽ። ለኮረኮንች ከዚያም በላይ።

«የሴት ሳይክል» የሚሉት፣ የላይኛው ብረት ወደ ታች የተጎነበሰው፣ ቁመቱን ያቃልልሻል። በቀሚስም ይመቻል። የመሪውን ርቀት ግን አይነካውም፤ ለእኛ ለአጫጭሮቹ ደግሞ ትልቁ ጣጣ እሱ ነው። እንዴት ታውቂዋለሽ? እንደ ግንበኛ ቱምቢ አድርጊ። ክር ላይ ቁልፍ እሰሪና መሪው ፍሬሙ ውስጥ ከሚገባበት አናት ላይ ልቀቂው። ፔዳሎቹ ከሚዞሩበት መሃል እስከ ክሩ ድረስ አግድም ለኪ። ሁለት ሳይክል ካማረጥሽ ይህ ያጠረውን ያዢ። አንዳንድ አምራች የኮርቻውን ቱቦ ቀጥ አድርጎ ያቆመውና የላይኛው ብረት በወረቀት ላይ አጭር ይመስላል። ኮርቻውን ወደ ቦታው ስትመልሺው ርቀቱ ያው ነው። ክሩ ግን አይዋሽም። ትንሽ ርቀት ብቻ ከቀረ የመሪውን አንገት በአጭር ማስቀየር ይቻላል።

ጎማውንም እዪ። ፍሬሙ ትንሽ፣ ጎማው ትልቅ ሲሆን የጫማሽ ጫፍ ከፊት ጎማው ጋር ይጋጫል። ስትታጠፊ ይጥልሻል። ፔዳሉን ወደ ፊት አግድም አድርገሽ መሪውን አዙሪና ሞክሪው። ጎማው ጎን ላይ 622 የሚል ካየሽ ትልቁ ነው፤ 559 ካለ የተራራ ሳይክል 26 ኢንች ነው። ላንቺ 26ቱን እመርጣለሁ። ጆርጂና ቴሪ የምትባል አሜሪካዊት መሐንዲስ በ1985 እ.ኤ.አ. ለሴቶች ሳይክል የሚሠራ ድርጅት ስትከፍት ችግሩን የፈታችው ከፊት ትንሽ የ24 ኢንች ጎማ፣ ከኋላ ትልቁን በማድረግ ነበር። ሳነብ ዕንባዬ መጣ። ለእኛ ቁመት ብሎ ተቀምጦ ያሰበ ሰው ነበረ ማለት ነው።

ወደ ክብደቱ ልምጣ። አንቺ 48 ኪሎ ነሽ። 16 ኪሎ የሚመዝን ሳይክል ያንቺን ሲሶ ያህላል። 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ግን አንድ አምስተኛ ብቻ ነው። ሻጩ «ቀላል ነው» ሲልሽ ለማን እንደሆነ ጠይቂ። አንሺው፤ ደረጃ ላይ አውጪው፤ ቤታችን ስንት ደረጃ እንዳለው ታውቂያለሽ። ማግኔት ይዘሽ ሂጂ፣ ካልተጣበቀ አሉሚኒየም ሊሆን ይችላል። ከተጣበቀ ብረት ነው፣ ያኔም ተስፋ አትቁረጪ። 4130 የሚል ጽሑፍ ያለበት ብረት ጠንካራ ስለሆነ ቱቦውን ቀጭን አድርገው ይሠሩታል፤ ደህና አድርጎ ይቀላል። ብረት ቢሰበርም ጎበዝ በያጅ ይይዘዋል፣ አሉሚኒየም ግን ያስቸግራል።

ከፊት ሞላ ያለውን እንኳን ተይው። ርካሹ ሞላ ከባድ ነው፣ ላንቺ ክብደት ደግሞ እሺ ብሎ አይታጠፍም። ዝም ብለሽ ሸክም ታወጫለሽ።

የፔዳሉ ክንድ 170 ወይም 175 ሚሊ ሜትር ከሆነ 160 ወይም 165 ያገኙልሽ እንደሆነ ጠይቂ፤ ጉልበትሽን ያሳርፍልሻል። የፍሬን መያዣውም ላይ ትንሽ ብሎን አለች። ስትጠብቂያት መያዣው ወደ ጣትሽ ይቀርባል። ያንን ሰማያዊ ሳይክል ስትነጂ ፍሬኑን በጣትሽ ጫፍ ብቻ ነበር የምትደርሺበት። ማንም አልነገረንም።

ከልኩና ከቅለቱ አንዱን ምረጪ ካሉሽ ልኩን ምረጪ። ስለ ቀለሙ አትጨነቂ።

የልብስ ሰፊ ሜትሬን እዚሁ ፖስታ ውስጥ አስገብቼልሻለሁ። ስትለኪ ጫማሽን አውልቂ። የእግርሽን ልክና ከክሩ ያገኘሽውን ቁጥር ጽፈሽ ላኪልኝ። እኔም ቁጭ ብዬ አያለሁ፣ ከዚያ ገንዘቡን እንልክልሻለን።

እናትሽ፣
ከጎንደር