የ25 እጥፉ ሌንስ ጉዳይ፦ የሳይንስ ክበብ ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ ምን ሠራ ብትሉኝ፣ ከአንዲት አሮጌ ማይክሮስኮፕ ጋር ስንታገል ከረምን። ችግኝ ተክለናል፣ ጥያቄና መልስም አዘጋጅተናል፤ እሱን ፎቶዎቹ ይናገራሉ።

ልጆቹ ቡናና ቆሎ ሸጠው ትንሽ ገንዘብ አጠራቀሙ። ምን እንግዛ ሲባል ሁሉም በአንድ አፍ «የሚያጎላ!» አሉ። እኔም ሞኙ ተስማማሁ። በ10 እጥፉ የዓይን ሌንስ ፋንታ የ25 እጥፍ ገዛን። ከፊዚክስ ክፍል ካሊፐር ተውሰን የቱቦውን አፍ ለክተን ስለነበር፣ 23.2 ሚሊሜትር ነው፣ ልክክ ብሎ ገባ። ጂማ ላይ ናሙና መቼም አይቸግርም። የቡና ቅጠል ጀርባ ላይ የሚወጣውን ብርቱካናማ ዱቄት፣ ዝገት የሚባለውን በሽታ፣ አምጥተን አየንበት። ትልቅ ሆኖ መጣ፤ ግን ድፍርስርስ ያለ። አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ አጎንብሳ ብዙ ቆየችና ቀና ብላ «ቲቸር፣ የጎላው እኮ ጭጋጉ ነው» አለችኝ።

እውነቷን ነው። የታችኛው ሌንስ ጎን ላይ 40/0.65 የሚል ተጽፏል። 40 ማጉላቱ ነው። 0.65 ደግሞ ሌንሱ ምን ያህል ብርሃን ሰብስቦ ጥቃቅኑን ነገር መለየት እንደሚችል የምትናገር ቁጥር ናት፤ እሷን በ1000 ስታባዟት የሚጠቅመው ማጉላት ጣሪያው 650 ገደማ ይሆናል። የእኛ 25 በ40 ግን 1000 ነው። ትርፉ ባዶ ማጉላት። ሳንገዛ ማንበብ የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ ልጆቹ ምን ያድርጉ።

ከሥሩ 160/0.17 አለ። 160 የቱቦው ርዝመት ነው፣ በሚሊሜትር። እዚያ ቦታ ላይ የተጋደመ 8 የሚመስል ምልክት ያለበት ሌንስ ቢያሳዩዋችሁ ለሌላ ዓይነት ማይክሮስኮፕ የተሠራ ነውና እለፉት። 0.17 የከቨር ስሊፕ፣ ማለትም ናሙናው ላይ የሚደረበው ስስ መስታወት፣ ውፍረት ነው፣ እሱም በሚሊሜትር። ይቺን ስናነብ ነው የሳቅነው፤ ከቨር ስሊፕ ካለቀብን ቆይቶ እኛ ናሙና የሚቀመጥበትን መስታወት፣ ስላይዱን፣ በሌላ ስላይድ ደርበን ነበር የምናየው! ስላይድ 1 ሚሊሜትር ያህል ስለሚወፍር 40ው ሌንስ ከናሙናው በቅጡ መጠጋት አይችልም።

በቀረችው ብር አንድ ፓኮ ከቨር ስሊፕና የሌንስ መጥረጊያ ወረቀት ገዛን። የድሮውን 10 እጥፍ መለስን፣ የኮንደንሰሩን (ከናሙናው ሥር ብርሃን የሚሰበስበውን ክፍል) ዲያፍራም፣ ማለትም የብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳውን፣ ትንሽ ጠበብ አደረግን። ዝገቱ ጥርት አለ፦ ስፖሮቹ፣ በሽታውን የሚያዛምቱት ዘር መሰል ቅንጣቶች፣ የብርቱካን ክፋይ መስለው፣ በአንድ ጎን ሻካራ፣ በሌላው ልሙጥ። ያን ቀን መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ያየነው በመስተዋቱ፣ በመስኮት ብርሃን ነው።

የጂማ ክረምት ሌንስ ላይ ሻጋታ ያበቅላል። ስለዚህ ጫማ የገዛችሁ ሁሉ ካርቶኑ ውስጥ ያለችውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት እንዳትጥሉ፣ ለክበቡ አምጡልን። 25 እጥፉ ሌንስ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። የሚፈልግ ትምህርት ቤት ካለ በከቨር ስሊፕ እንለዋወጥ።